«ጀርም» ሲባል ተህዋስ አይደለም

ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። «የጀርም ሴል እጢ» የሚል የምርመራ ውጤት የደረሰው ሰው መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው ተህዋስ ነው። «ከማን ያዘኝ?» የሚልም አይጠፋም። እዚህ ላይ ግን ጀርም ማለት ዘር ነው። የወንዱ የዘር ህዋስና የሴቷ እንቁላል የሚገኙት ከእነዚህ ሴሎች ነው። እጢው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

«እንግዲያው የሚወጣው የዘር ፍሬ ወይም ኦቫሪ (የሴቷ እንቁላል ማምረቻ) ላይ ብቻ ነዋ!» አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ «ብቻ» የምትለዋ ናት ስህተቷ። ደረት ውስጥ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል፣ ከሆድ በስተጀርባ፣ አንጎል ውስጥ፣ አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ደግሞ ጭራ አጥንት ላይ ይገኛል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ቦታዎቹ በሙሉ የሰውነትን መሃል መስመር ይዘው ነው የሚሄዱት። ለምን? ጀርም ሴሎች የዘር ፍሬ ወይም ኦቫሪ ውስጥ አይፈጠሩም። በፅንሱ የመጀመሪያ ሳምንታት የሚገኙት አስኳል ከረጢት በሚባለው፣ ከፅንሱ ጋር በተያያዘ ትንሽ ከረጢት ግድግዳ ላይ ነው። ከዚያ በአንጀት በኩል ተጉዘው ቦታቸው ይደርሳሉ። በሰፊው የሚታመነው ማብራሪያ፣ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ይቀሩና ከዓመታት በኋላ እጢ ይሆናሉ የሚል ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ጉዞ ነው።

ስለዚህ ደረት ወይም አንጎል ውስጥ ሲገኝ «ተሰራጭቶ ነው» ማለት የግድ አይደለም። እዚያው የተነሳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ወጣት ወንድ ደረቱ ወይም ሆዱ ውስጥ ሲገኝበት ሐኪሞች የዘር ፍሬውንም በአልትራሳውንድ ያያሉ። መነሻው በእጅ የማይዳሰስ ትንሽ እጢ ሊሆን ይችላልና።

ቴራቶማ የሚባለው ዓይነት ውስጥ ፀጉርና ጥርስ ሲገኝ «መንታውን ውጦ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ጀርም ሴል ወደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል የመለወጥ አቅም ስላለው ነው። ኦቫሪ ላይ የሚወጣው እንዲህ ዓይነት ቴራቶማ ደግሞ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም።

«ከተሰራጨ አለቀ» የሚለውም አያስኬድም። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲመረመር፣ ከዘር ፍሬው የተነሳው ካንሰር ሳንባውና አንጎሉ ደርሶ ነበር። ዳነ። (ድሎቹ በኋላ በዶፒንግ መሰረዛቸው ሌላ ጉዳይ ነው።) ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ከመጣ ወዲህ የዚህ በሽታ ታሪክ ተለውጧል።

አንዱ ግን በጣም ያሳስበኛል፦ «ስላላመመኝ ምንም አይደለም»። የዘር ፍሬ ካንሰር በብዛት የሚታየው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ነው፤ እብጠቱም ብዙውን ጊዜ አያምም። ጠጠር ያለ ነገር ከዳሰስክ ሕመም እስኪጀምር አትጠብቅ፤ ለሐኪም አሳየው።