ጉልት ምንድን ነው? መሬቱ አይደለም

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጣና ገዳማት ታሪክ በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል አይጠፋም፦ «ንጉሡ ይህን ሁሉ አገር ለገዳሙ ሰጡት፤ ገበሬው ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።» በገዳሙ የብራና ወንጌል ዳር የተጻፈው የጉልት አገሮች (የመንደሮች) ዝርዝር ሲነበብም ሰሚው የይዞታ ማረጋገጫ የተነበበለት ይመስለዋል። አንዱ ተንታኝማ ስሞቹን ደማምሮ የገዳሙን መሬት በሄክታር ሊነግረን ይሞክራል። ጉልት በሄክታር አይደመርም።

ጉልት ንጉሥ ለሹም፣ ለጭፍራ፣ ለእቴጌ ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚለቅቀው ግብር የመቀበል መብት ነው። አራሹ ለቤተ መንግሥት ያገባ የነበረውን እህል፣ ማር፣ ከብትና ጉልበት ከዚያ ወዲያ ለባለጉልቱ ያገባል። ጥሬ ገንዘብ እንደ ልብ ያልነበረው፣ ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ እስክትቆረቆርም ከሰፈር ሰፈር በድንኳን ሲዘዋወር የኖረ መንግሥት ሹሙንም ካህኑንም ያኖረው በዚህ መላ ነው። እርሻው ግን በርስት የተያዘ ነው። ርስት ከአቅኚው አባት ተነሥቶ በአባትም በእናትም እየተቆጠረ ይወረሳል። ንጉሥ ጉልቱን ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው ሲሰጥ ባለርስቱ ከማሳው ንቅንቅ አይልም።

የባጃጅ ተራ አስከባሪን አስቡ። ከእያንዳንዱ ባጃጅ ይሰበስባል፤ ባጃጁ ግን የእሱ አይደለም። ነገ ሌላ ሰው ቢተካ ሾፌሩ ያው ሾፌር፣ ባጃጁም ያው ባጃጅ ነው። ሾፌሮች በወረፋ ሲጣሉ የሚዳኘውም ተራ አስከባሪው ነው፤ ባለጉልትም በጉልቱ ላይ ይዳኝ ነበር፣ የዳኝነቱም ገቢ የራሱ ነበር። አንዱ ተራ ከሌላው የተሻለ ስለሚያስገኝ ለእሱ ሽኩቻ አለ፤ ለጉልትም እንዲሁ። የማይገጥሙበት ቦታ ግን አለ። ሾፌር ባጃጁን ሲፈልግ ይሸጣል፤ ባለርስት ርስቱን እንዳሻው አይሸጥም፣ ወንድም እህት፣ የአጎት ልጅ፣ የሩቅ ዘመድ ሁሉ «ድርሻ አለኝ» ብሎ ይሟገተዋል። ተራ አስከባሪ ደግሞ ሾፌሮቹን ሰብስቦ የግል ሥራውን አያሠራም፤ ባለጉልት ግን ሁዳዱን (የራሱን ማሳ) በገበሬዎቹ ጉልበት ያሳርስ ነበር። ስለዚህ «መሬቱ የእሱ አልነበረም» ማለት «ገበሬው አልተጨቆነም» ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ጭቆና አልነበረም የሚለው ሌላኛው ወገንም ይሳሳታል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በአብዛኛው ከወንጌል ባዶ ገጾች ነው። ገዳሙ ከምንም በላይ የሚጠብቀው መጽሐፍ ወንጌሉ ስለሆነ የጉልት ስጦታ እዚያ ይመዘገባል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ንጉሡ በራሱ አንደበት «ጐለትኩ» (ጉልት አድርጌ ሰጠሁ) እያለ ይጀምራል፤ የአገሮቹን ስም ይዘረዝራል፤ በጊዜው የነበሩትን ባለሥልጣናት ይጠራል፤ የሚደፍረውን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ያወግዛል።

አንባቢ ሁሉ የሚሮጠው ወደ አገሮቹ ዝርዝር ነው። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ባለሥልጣናቱ ናቸው። ዐቃቤ ሰዓቱ (የቤተ መንግሥቱ ታላቅ ካህን) ማን ነው? ጻሕፈ ላሙስ (የክፍለ አገር ገዥው)? ባሕር ነጋሹስ (የሰሜኑ የባሕር ጠረፍ ገዥ)? እነዚሁ ሰዎች በሌላ ገዳም ወንጌል በዚያው ንጉሥ ዘመን አብረው ከተገኙ ጽሑፉ ይታመናል። በአንድ ዘመን ያልነበሩ ሹማምንት ጎን ለጎን ከቆሙ ግን አንድ ሰው ኋላ ላይ አቀነባብሮታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የእጅ ጽሑፉ። የ14ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ስጦታ በ18ኛው መቶ ዘመን እጅ ተጽፎ ይገኛል። ይህን አይቶ «ሐሰተኛ ነው» ብሎ መዝጋት ችኮላ ነው፤ አሮጌው ብራና ሲያረጅ ወደ አዲስ መጽሐፍ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ገልባጩ ግን በራሱ ዘመን ሙግት የተነሣባትን አገር መሀል ላይ ጣል ማድረጉ የተለመደ ስለሆነ እያንዳንዱ ስም ለብቻው ይመረመራል።

ዘመን ሲቆጠር ብዙ ሰው ይወድቃል። በቆዩ መጻሕፍት ያለው «ዓመተ ምሕረት» ብዙ ጊዜ ዛሬ የምንቆጥረው ሳይሆን በየ532 ዓመቱ እንደገና ከአንድ የሚጀምር ዑደት ነው። በ1341 ዓ.ም. በጀመረው ዑደት «130 ዓመተ ምሕረት» ቢል 1340 ደምሩበት፤ 1470 ዓ.ም. ይሆናል። ይህን ያልደመረ ሰው ጽሑፉን ከነጭራሹ ሌላ ዘመን ውስጥ ይጥለዋል።

ያው አገር በሦስት ነገሥታት ሦስት ጊዜ ተሰጥቶ ቢገኝ ደግሞ የገዳሙ ሀብት ሦስት እጥፍ አደገ ማለት አይደለም። ወይ አዲሱ ንጉሥ የፊተኛውን አጽንቷል፣ ወይ በመካከል ተነጥቆ ነበር። ጽሑፉ የሚነግረን ንጉሡ ያዘዘውን ነው፤ ጭቃ ሹሙ (የመንደሩ ግብር ሰብሳቢ) በመኸር ስንት ቁና እንደሰበሰበ አይነግረንም። ደግሞም ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ወደሚባሉት የጣና ደሴት ገዳማት ሴት ስለማትገባ ሴት ተመራማሪ በአብዛኛው የምትሠራው ከፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ የተፋቀ ብራናና የቀለም ልዩነት በደንብ አይለይም።

እስካሁን ያልኩት ለጎጃምና ለበጌምድር እንጂ ለአገሩ ሁሉ አይሆንም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ በኋላ በደቡብ የተዘረጋው በቃላድ (በመለኪያ ገመድ) የተለካ መሬትና ገበሬው ለዘማቹ እየገበረ የሚኖርበት የገባር ሥርዓት ሌላ ነገር ነው፤ የዚያን በደል ወደ 15ኛው መቶ ዘመን ጣና መልሶ ማንበብ ነው ብዙውን ስሕተት የሚወልደው። እዚሁም ቢሆን «ጉልት ግብር፣ ርስት መሬት» የሚለው ንጹሕ ክፍፍል በጎንደር ዘመን ይደፈርሳል። በዚያ ዘመን መዛግብት ውስጥ ሪም የሚባለው ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ጋር የተያያዘ መሬት በስም እየተመዘገበ ከነምስክሩ ሲሸጥና ሲወረስ እናያለን። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ርስት የሌለው፣ በጌታ መሬት ላይ የሚያድር ጥገኛ ነበር፤ ዜጋ ይሉት ነበር። ለእሱ በባለጉልትና በባለርስት መካከል ያለው ልዩነት ብዙም ትርጉም አልነበረውም።

ማብቂያውም አንድ ቀን አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት የተባሉትን የጉልት ዓይነቶች አስቀርቶ አራሹ ግብሩን በቀጥታ ለመንግሥት እንዲከፍል አደረገ፤ ርስቱን አልነካም። የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጎ ርስትን ያስቀረው የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ነው።