ሱሱሙ ሺንጉ፦ የነፋስ ቀራጺው

ሱሱሙ ሺንጉ ከብረትና ከሸራ የተሠሩ፣ ያለ ሞተር በነፋስና በውሃ ብቻ የሚንቀሳቀሱ ትልልቅ ቅርጾችን ደጅ በማቆም የታወቁ ጃፓናዊ ቀራጺ ናቸው። የተወለዱት በ1937 ኦሳካ ውስጥ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻቸው ግን ቅርጻ ቅርጽ አልነበረም። በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ የዘይት ቀለም ሥዕል ተምረው በ1960 እንደጨረሱ፣ ሥዕላቸውን ለመቀጠል ወደ ሮም አቀኑ። እዚያም ጠፍጣፋው ሥዕል ቀስ በቀስ ከግድግዳው እየወጣ ቅርጽ ያዘ። አንዱን ሥራ ፎቶ ለማንሳት ዛፍ ላይ ቢሰቅሉት ነፋስ ያወዛውዘው ጀመር፤ የቀረው የሥራ ዘመናቸው የዚያ አጋጣሚ ተከታይ ነው ማለት ይቻላል።

በ1966 አገራቸው ሲመለሱ ኦሳካ ውስጥ በአንድ የመርከብ መሥሪያ ግቢ የመሥራት ዕድል አገኙ። ለሠዓሊ እንግዳ ቦታ ቢመስልም፣ ብረት መቁረጥና መበየድን፣ ከባድ ነገር ማንሳትን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መዋላቸው ከየትኛውም ትምህርት ቤት በላይ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። በ1970 በኦሳካው የዓለም ኤግዚቢሽን ሥራቸው ለሕዝብ ቀረበ።

ተመልካች ዓይኑ የሚያርፈው ክንፉ ላይ ነው፤ ጥበቡ ያለው ግን ኩሽኔታው ላይ፣ ማለትም ክንፉን ያለ ችግር በሚያዞረው የመዞሪያ ክፍል ላይ ነው። ምሰሶውና አጽሙ ብዙውን ጊዜ የማይዝግ ብረት ነው፤ ነፋሱን የሚቀበለው ክፍል ደግሞ ሸራ ወይም ስስ ብረት። ተንቀሳቃሹ ክፍል ክብደቱ በመዞሪያው ዙሪያ በጥንቃቄ ስለሚመዘን ለቀላል ነፋስም ይታዘዛል። በአንድ ሥራ ላይ ሁለትና ሦስት መዞሪያዎች በተለያየ አቅጣጫ ሲገጠሙ፣ አንዱ ክንፍ ሲዞር ሌላውን ያዘነብለዋል፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን እንቅስቃሴ መገመት ያስቸግራል። ከዚህ ሌላ ቅርጹ አውሎ ነፋስ በሚጎበኘው አገር ዓመታትን መቋቋም አለበት። ለለስላሳ ነፋስ የሚበቃ ቅለትና ለማዕበል የሚበቃ ጥንካሬ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ የሺንጉን ሥራ ከተራ ጌጥ የሚለየው ይህን ግጭት መፍታቱ ይመስለኛል።

ከጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ ጋር በተደጋጋሚ ሠርተዋል። ፒያኖ በነደፉትና በ1994 በተከፈተው የጃፓኑ ካንሳይ አየር ማረፊያ፣ ከመንገደኞች አዳራሽ ጣሪያ ሥር 17 ሰማያዊና ቢጫ ሥራዎች ተንጠልጥለው ነበር። አዳራሹን የሚያቀዘቅዘው አየር የጣሪያውን ጉብጠት ተከትሎ ሲፈስ ያንቀሳቅሳቸው ነበር፤ መሐንዲሶቹ ያሰሉት የማይታይ ነገር በዚህ ይታይ ነበር። በአሜሪካም በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ ፖርተር አደባባይ በ1980ዎቹ የተተከለው ባለ ቀይ ክንፍ ሥራቸው ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ይሽከረከራል።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን በ2000 እና በ2001 ያካሄዱት የነፋስ ጉዞ ነው። ባለ ሸራ 21 ቅርጾች ይዘው ስድስት ቦታዎች ላይ ተከሉ፤ መጀመሪያ በጃፓን ሳንዳ ከተማ፣ የሥራ ቦታቸው አጠገብ ባለ የሩዝ ማሳ፤ ከዚያ በኒውዚላንድ ሰው በማይኖርባት ደሴት፣ በፊንላንድ በረዶ በሆነው የኢናሪ ሐይቅ፣ በሞሮኮ ደረቅ ኮረብታ፣ በሞንጎሊያ የግጦሽ ሜዳ፣ በመጨረሻም በብራዚል የአሸዋ ክምር ላይ። ሥራዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ነፋሱና በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ነው። ሙዚየም ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ እረኛና ዓሣ አጥማጅ ያያቸው ዘንድ መሄዳቸው፣ ለእኔ ከአየር ማረፊያው ሥራ ይበልጣል።

ሺንጉ ለልጆች የሥዕል መጻሕፍትም ያዘጋጃሉ። በሂዮጎ ክፍለ አገር፣ ሳንዳ ውስጥ በአሪማፉጂ መናፈሻ ደግሞ በስማቸው የተሰየመ የነፋስ ሙዚየም በ2014 ተከፍቷል። ጣሪያም ግድግዳም የለውም፤ ለክፍለ አገሩ ያበረከቷቸው 12 ሥራዎች በኩሬ አቅራቢያ ሣር ላይ ቆመዋል።