የፌዴሬሽን ምክር ቤት፦ አመሠራረቱ፣ ሥልጣኑና የዜጎች አቤቱታ

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከሁለቱ የኢትዮጵያ ፌዴራል ምክር ቤቶች አንዱ ነው። ሕግ አያወጣም፤ ያ ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የእሱ ድርሻ ሕገ መንግሥቱን መተርጎም፣ የማንነትና የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄዎችን መወሰን፣ በክልሎች መካከል የሚነሳ አለመግባባትን መፍታት፣ የጋራ ገቢና የድጎማ ክፍፍልን መወሰን ነው። ሌሎች አገሮች ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሰጡት ሥልጣን በኢትዮጵያ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች በሚቀመጡበት ቤት እጅ ይገኛል።

አመሠራረትና አደረጃጀት

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ተቋቁመው ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ብሔራዊ ሸንጎ ተተካ። የዛሬው ምክር ቤት መሠረት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 61 እንደሚደነግገው እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተወካይ ይጨመርለታል። በቁጥር ትንሹ ብሔረሰብ እንኳ ከዚህ ቤት ወንበር አያጣም።

ተወካዮቹን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ከፈለጉ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግ ይችላሉ፤ የተለመደው ግን በራሳቸው መምረጥ ነው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ሲሆን ምክር ቤቱ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል። በአንድ ጊዜ የሁለቱም ምክር ቤቶች አባል መሆን አይቻልም።

አቤቱታ የሚሄድበት መንገድ

የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ቀድሞ የሚደርሰው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ጉባኤው 11 አባላት አሉት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት (በሰብሳቢነትና በምክትል ሰብሳቢነት)፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎችና ከምክር ቤቱ የሚወከሉ ሦስት አባላት። መሠረታዊ መብቴ ተጥሷል የሚል ማንኛውም ሰው በየደረጃው ያለውን አቤት ብሎ የመጨረሻ ውሳኔ ከተቀበለ በኋላ ወደ ጉባኤው መምጣት ይችላል። ጉባኤው «ትርጉም አያስፈልገውም» ብሎ ቢመልሰው ይግባኙ ለምክር ቤቱ ነው። ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መወሰን አለበት።

ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚያስኬድ በ1996 ዓ.ም. የተወሰነው የውርስ ክርክር ያሳያል። አንዲት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም ብላ ብትቃወምም ጉዳዩ እዚያው ታየ። እስከ ሰበር ድረስ ሄዳ አልተሳካላትም፤ አጣሪ ጉባኤውም አቤቱታዋን አልተቀበለም። ምክር ቤቱ ግን ይግባኟን ሰማ። በአንቀጽ 34 መሠረት የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ስለሆነ፣ ያለፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ተፈጻሚነት የለውም አለ። አንዲት ዜጋ ብቻዋን ተነሥታ የአገሪቱን ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ያስቀየረችበት በመሆኑ፣ ከምክር ቤቱ ሥራዎች ሁሉ ቀድሞ ሊነሳ የሚገባው ይህ ነው።

የ2012 ትርጉም

በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ሊካሄድ እንደማይችል ምርጫ ቦርድ አሳወቀ። የምክር ቤቶችና የአስፈጻሚው የሥራ ዘመን ሲያልቅ ማን ያስተዳድራል ለሚለው ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ያስቀመጠው መልስ አልነበረም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከቀረቡት አማራጮች የሕገ መንግሥት ትርጉምን መርጦ አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 እንዲተረጎሙ ጠየቀ። ግንቦት ላይ አጣሪ ጉባኤው በወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ሰብሳቢነት የሕግ ምሁራንን አስቀርቦ ሰማ፤ ክርክሩም በቴሌቪዥን ተላለፈ። ተመልካቹ የአንቀጽ ቁጥር እየጠቀሰ የሚከራከርበት ወቅት ነበር።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ወ/ሮ ኬሪያ ኢብራሂም ውሳኔው ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ከኃላፊነት ለቀቁ። ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ የምክር ቤቶችንና የአስፈጻሚውን የሥራ ዘመን አራዘመ፤ ምርጫውም የወረርሽኙ ሥጋት መወገዱ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ እንዲደረግ ወሰነ። ተቃዋሚ ፓርቲዎች ውሳኔውን ሥልጣን ማራዘሚያ ብለውታል። የትግራይ ክልል ጳጉሜን 4 የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ ምክር ቤቱም ምርጫው ተፈጻሚነት እንደሌለው አስታወቀ። ከዚያ የተከተለው ጦርነት መንስኤ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የአገር አቀፉ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ።

ማንነትና አዲስ ክልሎች

የማንነት ጥያቄ መጀመሪያ የሚቀርበው ለክልሉ ነው፤ ክልሉ ካልመለሰ ወይም ምላሹ ካላረካ ወደ ምክር ቤቱ ይመጣል። የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ራሱን ችሎ የታወቀው በዚህ ሂደት ነው። ክልል የመሆን ጥያቄ ደግሞ በአንቀጽ 47 መሠረት በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጸድቆ በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፤ ሕዝበ ውሳኔውም በአንድ ዓመት ውስጥ መደራጀት አለበት።

የሲዳማ ጥያቄ ዓመቱን አልፎት ሰው የሞተበት ግጭት ከደረሰ በኋላ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ። ክልል መሆንን የደገፈ የሻፌታን (የሲዳማ ባህላዊ የመመገቢያ ዕቃ)፣ በነባሩ የደቡብ ክልል መቆየትን የፈለገ የጎጆን ምልክት መረጠ፤ 98.5 በመቶው ሻፌታ ላይ ነበር። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. በነባሩ የደቡብ ክልል ቦታ ተከትለው የክልሎቹ ቁጥር ከዘጠኝ ወደ 12 ከፍ ብሏል። በትግራይና በአማራ መካከል ያለው የወልቃይት ጥያቄ ግን እልባት አላገኘም።

የድጎማ ቀመር

ቀመሩ የክልሎችን የወጪ ፍላጎትና ገቢ የመሰብሰብ አቅም እያነጻጸረ ይሠራል። ክልሎች የሕዝብ ቁጥርና የልማት ኋላ ቀርነት የሚኖራቸውን ክብደት በተመለከተ በየጊዜው ይከራከራሉ። መጨረሻው በምክር ቤቱ ድምፅ ይወሰንና በጀት ለሚያጸድቀው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይተላለፋል።