የሻብሊ ነጭ ወይን ጠጅና አፈሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሻብሊ በሰሜናዊ ቡርጎኝ፣ ፈረንሳይ፣ ከሻርዶኔ ወይን ብቻ የሚጠመቅ ነጭ ወይን ጠጅ ነው። ስሙ በተነሳ ቁጥር አፈሩም ይነሳል፤ ስለ አፈሩ ከሚባለው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«የአፈሩ ማዕድን ወይኑ ውስጥ ይቀመሳል»

የሻብሊ ምርጥ ማሳዎች ያረፉት ኪሜሪጅያን በሚባል፣ ሸክላ በተቀላቀለበት የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቁራጩን አንስታችሁ ብታዩት ጥፍር የማያክሉ፣ ኦይስተር የተባለ የባሕር እንስሳ ዛጎሎች ተጣብቀውበታል። «ባሕር ባሕር ይላል» የሚባለውም ከዚህ ተነስቶ ነው። ሥር ግን ዛጎል አይመጥም፤ የሚመጥው ውኃና በውኃ የሟሟ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም የመሳሰለውን ነው። የኖራ ድንጋይም ሽታ የለውም። ያ «ድንጋያማ» ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው ከአሲዱ ብርታት፣ ከፍራፍሬ ሽታው ቁጥብነትና እንደተጫረ ክብሪት ከሚሸቱ የሰልፈር ውህዶች ነው።

«እንግዲያው አፈሩ ምንም አይሠራም»

ይሠራል፤ ዋናው መንገዱ ውኃ ነው። የተሰነጣጠቀው ድንጋይ ትርፍ ዝናብ ያሳልፋል፣ ሸክላው ለደረቁ ሳምንታት እርጥበት ያቆያል። ውኃ ከበዛ ተክሉ ወደ ቅጠል ያደላል፣ ፍሬው ያብጣል፣ ጣዕሙ ይሳሳል፣ ጥላው ሻጋታ ይጠራል። ውኃ ካጠረ ቅጠሉ ሥራ ያቆማል፣ ፍሬውም ሳይበስል ይቀራል።

ሁለተኛው ብረት ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ብረትን ከሥሩ ይከለክላል። ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፤ አረንጓዴ የሚቀረው ጅማታቸው ብቻ ነው፤ ምርቱም ይቀንሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት ፊሎክሴራ የተባለው ሥር በል ተባይ የአውሮፓን ወይን ካወደመ ወዲህ ችግኝ የሚተከለው ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተዳቅሎ ነው። ሪፓሪያ የተባለው ሥር ኖራ ላይ ይታመማል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት መሬት 41ቢ የተባለው ሥር ይመረጣል፤ አንድ ወላጁ የቴክሳስን የኖራ መሬት የለመደው በርላንዲየሪ የተባለ የአሜሪካ ወይን ነውና። ገበሬው ከመትከሉ በፊት አፈሩን ማስመርመር ያለበትም ለዚህ ነው፤ ሥሩ አንዴ ከተተከለ አይቀየርም።

«ግራን ክሩ የሚለየው በአፈሩ ብቻ ነው»

ግራን ክሩ የሻብሊ ከፍተኛው ደረጃ ነው፤ ያው የኪሜሪጅያን ድንጋይ ግን ከእሱ ቀጥሎ ባለው ደረጃ፣ በብዙ የፕሪሚየር ክሩ ማሳዎችም አለ። ሰባቱ ግራን ክሩ በሰረን ወንዝ ቀኝ ዳርቻ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ በዞረ አንድ ተዳፋት ላይ ናቸው። ውርጭ በሚያጠቃው በዚህ ቀዝቃዛ አገር የከሰዓት ፀሐይ ፍሬውን ታበስለዋለች። ዝቅተኛው ደረጃ ፔቲ ሻብሊ ደግሞ በአብዛኛው በሌላ ዓይነት የኖራ ድንጋይ፣ ያውም ከፍ ባለው፣ ነፋስ በሚመታው ሜዳ ላይ ስለሆነ የአፈሩንና የቦታውን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ ይከብዳል።

«ከጠርሙሱ ሥር ያለው ቅንጣት አፈር ነው»

አይደለም። ፖታሲየም ከወይኑ ታርታሪክ አሲድ ጋር በቅዝቃዜ ተዋህዶ የሚፈጥረው ጨው ነው፤ አይጎዳም። ጠርሙሱን አቁማችሁ አቆዩትና ቀስ ብላችሁ ቅዱ።

«በጣም ሲቀዘቅዝ ይጣፍጣል»

በ4 ዲግሪ ሽታው ይታፈናል፣ አሲዱ ብቻ ይቀራል። ለተራው ሻብሊ 10 ዲግሪ፣ ለግራን ክሩ ከ12 እስከ 14 ይስማማዋል፤ ከፍሪጅ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አውጡት።