የነዳጅ ዋጋና የትራንስፖርት ታሪፍ በጅማ

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የበደሌና የቦንጋ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ባቡር አልደረሳትም፤ ሰውም ቡናም በአብዛኛው የሚጓዘው በቤንዚንና በናፍጣ ነው። የነዳጅ ዋጋ በተነሣ ማግስት መናኸሪያው ውስጥ ዋጋ ይነሣል፣ ባጃጁም ይከተላል፣ «ነዳጅ ጨምሯል» የሚለው መልስ ለሁሉም ይሰጣል። ሂሳቡ ሲሠራ ግን በማደያ የሚታወጀው ጭማሪ በአንድ ተሳፋሪ ላይ የሚያርፈው ከሚባለው እጅግ ባነሰ መጠን ነው። የከተማዋን ተሳፋሪ ይበልጥ የሚጎዳው እጥረቱ ነው።

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ነዳጅ በሙሉ ከውጭ ታስገባለች። ግዢውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ሲሆን፣ አብዛኛው ጭነት ጅቡቲ በሚገኘው ሆራይዘን ተርሚናል ይራገፋል፤ ከዚያ በቦቴ ወደ መሀል አገር ይጓጓዛል። ወደ ጅማ የሚመጣው ቦቴ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ፣ ጊቤን ወርዶና ወጥቶ፣ በሰኮሩና በሰርቦ በኩል ይገባል። ዋጋው በዓለም ገበያ የሚቆረጠው በዶላር ነው። በመሆኑም የድፍድፍ (ያልተጣራ ነዳጅ) ዋጋ ባይጨምር እንኳ ብር ከተዳከመ የማደያው ዋጋ ይጨምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለታየው ጭማሪ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሬዲዮ የሚነገረው ዋጋ የአዲስ አበባ ነው። በሌሎች ከተሞች የማጓጓዣ ወጪ እንደ ርቀቱ ስለሚታከልበት የጅማ ማደያ ዋጋ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ከዜናው ጋር አለመግጠሙን አይተው ማደያው ያጭበረበረ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ትክክለኛው ማመሳከሪያ ለጅማ የወጣው ተመን ነው።

የጭማሪውን ፍጥነት ለማየት የአዲስ አበባው ዋጋ ይበቃል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ናፍጣም በነዚያው ሦስት ወራት ከ90 ብር ከ28 ወደ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ወጣ። የታለመ የነዳጅ ድጎማ የተጀመረው በ2014ቱ ጭማሪ ጊዜ ነው። ለሁሉም የነበረው ድጎማ ቀስ በቀስ ሲነሣ፣ የተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር እየከፈሉ በቅናሽ እንዲቀዱ ተደረገ። ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ኔትወርክ በተቋረጠ ሰዓት ነዳጅ እያለ ሰልፉ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ታሪፍ የሚወጣው በኪሎ ሜትርና በተሽከርካሪው ደረጃ ነው። ጅማ–አዲስ አበባን የመሰለ ክልል ተሻጋሪ መስመር በፌዴራል፣ ጅማ–አጋሮን የመሰለው በኦሮሚያ ክልል ሥር ይወድቃል። በማደያና በታሪፍ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት የጭቅጭቅ ዋና ምንጭ ነው፤ የነዳጁ ዋጋ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይጸናል፣ አዲሱ ታሪፍ ግን ሊዘገይ ይችላል። በመሀል ባሉት ቀናት ረዳቱ የራሱን ታሪፍ ያወጣል።

አንድ ትልቅ አውቶቡስ በአንድ ሊትር ናፍጣ 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን እንያዝ። የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት ሲታሰብ ይህ የተጋነነ አይደለም። 350 ኪሎ ሜትሩ 87 ሊትር ተኩል ይፈጃል። ናፍጣ በሊትር 10 ብር ቢጨምር የጉዞው ተጨማሪ ወጪ 875 ብር ነው። ለ45 ተሳፋሪ ሲካፈል በሰው 19 ብር ከ50 ሳንቲም አይሞላም። በዚህ ምክንያት 100 ብር የጠየቀ ሰው የጠየቀው ለነዳጁ ብቻ አይደለም። በእርግጥ ጎማ፣ ዘይትና መለዋወጫም በዶላር ስለሚገቡ አብረው ይወደዳሉ፤ ያ ግን በስሙ ሊጠራ ይገባል።

ባጃጅ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። በሊትር ቤንዚን 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር ተነሥቶ 3 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 0.12 ሊትር ያቃጥላል። የ10 ብር ጭማሪ በዚያ ጉዞ ላይ 1 ብር ከ20 ሳንቲም ነው፤ ሦስት ሰው ከተሳፈረ በነፍስ ወከፍ 40 ሳንቲም። ሳንቲም ከእጅ ስለጠፋ ግን ዋጋው የሚጨምረው በ5 ብር ነው።

እጥረት ሲመጣ ሂሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር አይጠፋም፤ በሃይላንድ ጠርሙስና በጄሪካን ተሞልቶ ይቀርባል። በሊትር ከማደያው 100 ብር በልጦ ቢሸጥ ያው የ3 ኪሎ ሜትር ጉዞ 12 ብር ይጨምራል፣ በሰው 4 ብር ማለት ነው። ያኔ የ5 ብሩ ጭማሪ ምክንያት አለው። ሰልፍ የሚጠብቀው ሾፌርም ቢሆን ይከስራል። ለባለንብረቱ የሚያስረክበው የቀን ገቢ ተቆርጦ የተሰጠ ነው፤ ግማሽ ቀን ማደያ ደጅ ላይ ቆሞ ቢውልም አይቀነስለትም። የቀረችውን ግማሽ ቀን ትርፍ ጭኖ ወይም መስመሩን ቆርጦ ለማካካስ ይሞክራል። እስከ ጅማው መርካቶ ድረስ ይሄድ የነበረው መሀል ላይ «መጨረሻ ነው» ብሎ ያወርድና ተሳፋሪው ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህ በየትኛውም የታሪፍ ሠሌዳ ላይ የማይታይ ጭማሪ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ የሆነውን ሰው የሚያደቀው እሱ ነው።

የጠርሙሱ ቤንዚን ሌላም ጉዳት አለው። ውኃና ቆሻሻ ስለሚቀላቀልበት ካርቡሬተር ይደፍናል፣ ሞተሩ በመሀል መንገድ ይጠፋል። በፕላስቲክ ዕቃ መኖሪያ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ሞት መጋበዝ ነው፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ ተንሸራቶ እስከ ከሰል ምድጃው ይደርሳል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ወቅት የናፍጣ ፍላጎት ይንራል። አይሱዙዎች ከገጠር ይጭናሉ፣ የእሸት ቡና መፈልፈያዎችም ሞተር ያስነሣሉ። 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እስከ አዲስ አበባ 70 ሊትር ይበቃዋል። የ10 ብር ጭማሪ በኩንታል 14 ብር፣ በኪሎ 14 ሳንቲም ነው፤ ባዶውን የሚመለስ ከሆነ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ከገበሬው የመግዣ ዋጋ ላይ «ለነዳጅ» ተብሎ በኪሎ ብዙ ብር የሚቆረጥ ከሆነ ይህን ስሌት ማሳየት ይገባል።

በሌላው ዓለም የነዳጅ ጭማሪን ከመደበኛው ዋጋ ለይቶ የማስከፈል ልማድ አለ። ካርኒቫል የተባለው የመዝናኛ መርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ፣ ለአንድ ሰው በቀን 5 ዶላር የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚጥል አስታወቀ፤ ለአንድ ጉዞ ጣሪያው 70 ዶላር ነበር። አስቀድመው ትኬት በያዙ ተጓዦች ላይ ጭምር በመጣሉ የፍሎሪዳ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን አንሥቶ ለእነዚያ ገንዘቡ ተመልሷል። በኋላ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ ከ70 ዶላር ካለፈ ተጨማሪ ክፍያው ዳግም ሊጣል እንደሚችል በውሉ ላይ ተጻፈ። ተጓዡ መቼና ስንት እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ለጅማ መስመርም ቢሆን ቢያንስ የተሸጠ ትኬት ላይ አለመጨመር ሊከበር የሚገባው ነው።

ስለዚህ ትኬት ከመናኸሪያው መስኮት መቁረጥ፣ ከደጅ ካለ ደላላ አለመግዛት ይሻላል። ከመሳፈር በፊት የተለጠፈውን ታሪፍ ማየት፣ የተከፈለው ብርና ትኬቱ ላይ የተጻፈው መግጠሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መንገድ ላይ፣ በተለይ ወልቂጤ ካለፈ በኋላ፣ ጭማሪ የጠየቀ ረዳት ካለ ታርጋውን፣ የጎን ቁጥሩንና የመነሻውን ሰዓት ጽፎ ትኬቱን ሳይጥሉ ለመድረሻው መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ማቅረብ ይቻላል። ትኬት ያልያዘ ሰው አቤቱታ ግን ማስረጃ ስለሚያጣ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።