ሰው የለኝም

ሰላም ወገኖቼ፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የማወራው ነገር ከበድ ይላል፣ ግን አሁን ካልተነጋገርንበት አንድ ቀን ሳንዘጋጅ ቤታችን ይገባል ብዬ ፈርቼ ነው።

አንዲት እህት አለችን፣ ከአንገቷ በታች ብዙም አትንቀሳቀስም፣ የምትበላውም የምትታጠበውም በሰው እጅ ነው። አንዴ ልንጠይቃት ሄደን ጸልየን ስንወጣ ገና በሩ ሳይዘጋ ከመካከላችን አንዷ «ምነው ጌታ ባሳረፋት» አለች። ክፋት አልነበረውም እኮ፣ እያለቀሰች ነው ያለችው። ግን እህታችን ሰምታለች፣ ጆሮዋ ምንም አልሆነም። እኔም ምንም አላልኩም፣ እንደውም ውስጤ «እውነቷን እኮ ነው» ብሎ ነበር፣ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

«ባሳረፋት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

እንደምትሰሙት ሰው በሐኪም እርዳታ እንዲሞት የሚፈቅዱ ህጎች በዓለም ላይ እየበዙ ነው። አሜሪካ ኦሪገን ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ይሰራበታል፣ በስድስት ወር ውስጥ ይሞታል የተባለ አዋቂ በሽተኛ መድሃኒት ይታዘዝለትና ራሱ ይወስደዋል። ኔዘርላንድስና ቤልጅየም በ2002 ቀጠሉ፣ ካናዳ በ2016። ካናዳ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ሞቱ ለቀረበ ሰው ብቻ ነው ተብሎ ነበር የተጀመረው፣ በ2021 ግን ህጉ ተሻሻለና ሞቱ ሩቅ የሆነ ነገር ግን ከባድና የማይድን ህመም ወይም አካል ጉዳት ያለበት ሰውም መጠየቅ ቻለ። በ2023 ብቻ 15,343 ሰው በዚህ መንገድ ሞቷል፣ በዛ ዓመት በሀገሪቱ ከሞቱት 4.7 ፐርሰንት ማለት ነው። እንግሊዝም የታችኛው ምክር ቤት በሰኔ 2025 314 ለ291 ድምጽ ረቂቁን አሳልፎ ወደ ላይኛው ልኮት ነበር።

እኛ ምእመናን ይሄን ስንሰማ «የሚቃወመው ቤተ ክርስቲያን ነው» ብለን ነው የምናስበው። ግን በጣም ጮክ ብለው ከሚቃወሙት መካከል ራሳቸው አካል ጉዳተኞች አሉ፣ ብዙዎቹም ሃይማኖት ምናምን ውስጥ የሌሉበት። አሜሪካ ውስጥ በ1996 ዳያን ኮልማን የምትባል በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ጠበቃ ያቋቋመችው ድርጅት ስሙ «ኖት ዴድ የት» ነው፣ ገና አልሞትንም እንደማለት። ስሙ ራሱ አይበቃም? ክርክራቸው ደግሞ ቀላል ነው፣ ሁለት ሰው «መኖር ሰልችቶኛል» ቢል፣ አንዱ በእግሩ የሚሄድ ወጣት ከሆነ ሰው ሁሉ ተሯሩጦ አማካሪ ይጠራለታል፣ ሌላው ዊልቸር ላይ ከሆነ ግን «ይገባናል» ተብሎ ፎርም ይቀርብለታል፣ ታዲያ ይሄ እኩልነት ነው ወይ ነው የሚሉት። የተባበሩት መንግስታት የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን በ2006 ሲጸድቅ አንቀጽ 10 ላይ አካል ጉዳተኛ በህይወት የመኖር መብቱ ከማንም እኩል ነው ብሎ ደንግጓል፣ እና ይሄንን የሚከታተለው ኮሚቴ በ2025 ካናዳን ያንን በ2021 የጨመርሽውን ክፍል ሰርዢው ብሏታል።

አሁን ወደ ልቡ ልግባ።

ኦሪገን በየዓመቱ ሪፖርት ታወጣለች፣ ሰዎቹ ሞትን ለምን እንደመረጡ ሐኪሞቻቸው በሞሉት ፎርም መሰረት ይቆጠራል። እኔ ሳላነበው በፊት አንደኛው ስቃይ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ህመሙ አላስችል ብሏቸው። አይደለም። ከዓመት ዓመት ከላይ የሚመጡት በራስ መተዳደርን ማጣት፣ ህይወትን ደስ የሚያሰኙ ነገሮችን ማድረግ አለመቻል፣ ክብር ማጣት ናቸው፣ ለቤተሰብ ሸክም መሆንም አለ፣ የህመም ስቃይ ወይም እሱን መፍራት የሚመጣው ከነዚህ በታች ነው። የአካል ጉዳተኞቹ ተሟጋቾች ይሄን አንብበው ምን አሉ፣ «ይሄ እኮ የኛ የዕለት ኑሮ ነው። ልብሴን ሰው ነው የሚያለብሰኝ፣ ሽንት ቤት ሰው ነው የሚያደርሰኝ፣ ይሄ ክብር ማጣት ከሆነ እኔ ክብር የለኝም ማለት ነው? ለምትፈሩት ነገር ስም ስታወጡለት የኔን ህይወት ነው እኮ የጠራችሁት።»

ይሄን ስሰማ ጴጥሮስ ነው ትዝ ያለኝ። ዮሐንስ 13 ላይ ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ እግር ሊያጥብ ሲመጣ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ይላል። ሁሌ ትህትና ነው ተብሎ ይሰበካል፣ እኔ ግን ትህትና ብቻ አይመስለኝም። ማጠብ እኮ ቀላል ነው፣ የሚያጥብ ሰው ቆሞ ነው፣ ጉልበት አለው፣ ደግ ነው ይባላል። መታጠብ ነው የሚከብደው፣ ቆሻሻ እግርህን ዘርግተህ ሌላ ሰው እጅ ላይ ማስቀመጥ። ጌታ ግን «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው። በሰው እጅ መሆንን እምቢ ካልክ ከኔ ጋር ቦታ የለህም እንደማለት አይደል? በኋላ ደግሞ ምዕራፍ 21 ላይ ለዚሁ ለጴጥሮስ «በሸመገልህ ጊዜ እጆችህን ትዘረጋለህ፥ ሌላውም ያስታጥቅሃል ወደማትወደውም ይወስድሃል» ይለዋል። ስለ ሰማዕትነቱ እንደተናገረው አውቃለሁ፣ ወንጌላዊው ራሱ ጽፎታል፣ ግን ምስሉን እዩት፣ እጁን ዘርግቶ ሌላ ሰው ልብሱን የሚያስታጥቀው ሽማግሌ ነው። እና ከዛ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ተከተለኝ» ነው። እንዲህ ሆኖም መከተል ይቻላል ማለት ነው፣ ልብሱን ራሱ ማሰር ሳይችል።

ጌታ ራሱስ? በመስቀል ላይ እጁ ተቸንክሮ «ተጠማሁ» ሲል ሰፍነጉን ወደ አፉ ያቀረበው ሌላ ሰው ነው። ራሱ ጽዋ ማንሳት አልቻለም። ያን ሰዓት ክብሩን አጥቶ ነበር የሚል ክርስቲያን ካለ ይንገረኝ።

እንግዲህ «አልጋ ላይ ሳትጥለኝ ውሰደኝ» እያልን የምንጸልየውን ጸሎት እዚህ ጋ አምጡት። ሁላችንም እንጸልየዋለን፣ እኔም። ፍርሃታችንን ለእግዚአብሔር መናገር ኃጢአት ነው አልልም። ግን ጮክ ብለን ስንጸልየው አልጋ ላይ ያለችዋ እህት አጠገባችን ተኝታ «አሜን» እንድትል ነው የምንጠብቀው?

ጄን ካምቤል የምትባል እንግሊዛዊት አለች፣ ጡንቻን የሚያደክም በሽታ ይዟት የተወለደች፣ አሁን የላይኛው ምክር ቤት አባል ናት። በ2003 ከባድ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙ መተንፈስ ቢያቅትሽ ማሽን ላይ መደረግ እንደማትፈልጊ እገምታለሁ አላት። እፈልጋለሁ እንጂ አለች። ቀጥሎ የመጣው ሐኪምም ያንኑ ደገመ። ማንም ሊገድላት የፈለገ አልነበረም፣ በነሱ ቤት ማዘናቸው ነው። ባሏ ቤት ሮጦ የዶክትሬት ካባ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ አምጥቶ አሳያቸው፣ ይቺ ሴት ህይወት አላት ለማለት። እሷ ደግሞ ብተኛ አልነቃም ብላ ፈርታ ለሁለት ቀን ያህል አልተኛችም። አስቡት፣ ታመሽ መተኛት ሲገባሽ ያከሙኛል ያልሻቸውን ሰዎች ፈርተሽ ዓይንሽን አለመክደን። ህግ እንኳ ሳይኖር እንዲህ ከሆነ ህግ ሲጨመርበትስ ነው ጥያቄዋ። እኔ ደግሞ ፎቶው ያሳዝነኛል፣ ዲግሪ የሌላትስ ምን ታሳይ?

ያኔ በናዚ ጀርመን ከ1940 እስከ 1941 በአንድ ፕሮግራም ብቻ 70,000 የሚሆኑ አካል ጉዳተኞችና የአእምሮ ህሙማን በጋዝ ሲገደሉ ነሐሴ 3 ቀን 1941 ሙንስተር ላይ ጳጳሱ ፎን ጋለን ቆሞ ሰብኳል፣ ምርት የማይሰጥ ሰው ይገደል ከተባለ ስናረጅና ስንደክም ሁላችንም ወዮልን ብሎ። በዛው ወር ሂትለር ፕሮግራሙ እንዲቆም አዘዘ፣ ግድያው ግን በድብቅ ቀጠለ። ይሄን ያመጣሁት የዛሬዎቹን ህግ አውጪዎች ናዚ ለማለት አይደለም፣ እሱ ውሸትም ስድብም ነው፣ ያኔ ማንም አልተጠየቀም፣ አሁን ሰው ፈቅዶ ነው የሚባለው። ያመጣሁት አንድ ሰባኪ መድረኩን ለምን እንደተጠቀመበት እንድናይ ነው።

«ፈቅዶ» ስል ደግሞ ሌላውንም ወገን ልናገር፣ ካልተናገርኩ አጭበርባሪ እሆናለሁ። ሁሉም አካል ጉዳተኛ ይቃወማል ማለት አይደለም። በ2019 በካናዳዋ ኩቤክ ፍርድ ቤት ሄደው «ሞቱ የቀረበ» የሚለውን ገደብ ያስነሱት ዣን ትሩሾንና ኒኮል ግላዱ ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ነበሩ፣ እሱ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) የነበረበት፣ እሷ ፖሊዮ ያስከተለው ችግር የነበረባት። «ስለኔ አትወስኑ፣ ምርጫው የራሴ ነው» ነው ያሉት፣ ሌሎቹ ተሟጋቾችም እኮ ዕድሜ ልካቸውን የሚሉት ያንኑ ነው፣ ያለኛ ስለኛ አይወሰን። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች እንደ ጠላት ማየት አይገባም። እኔ የምጠይቀው ምርጫው ከምንና ከምን መካከል ነው የሚለውን ነው። በ2022 በካናዳ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት አንዲት የቀድሞ ወታደርና የፓራሊምፒክ ስፖርተኛ ቤቷ ለዊልቸር እንዲመቻችላት ለዓመታት ስትለምን ቆይታ በመሃል በሐኪም እርዳታ መሞት እንደ አማራጭ እንደቀረበላት መስክራለች። ማስታገሻ ህክምናም፣ ማለትም ለማዳን ሳይሆን ስቃይን ለማቅለልና አብሮ ለመሆን የሚሰጠው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ወደ 14 ፐርሰንት የሚሆኑት ብቻ ናቸው የሚያገኙት። የሚደግፍህ ሰው ከሌለ፣ ማስታገሻው ከሌለ፣ ከዛ «ምረጥ» ትባላለህ።

መፃጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው አዎ አላለም፣ እግሬን አመመኝም አላለም፣ «ጌታ ሆይ፥ ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» ነው ያለው። ሰው የለኝም! መጠመቂያው እኮ አለ፣ አምስት መመላለሻ ያለው ህንጻም አለ፣ ቤተ መቅደሱም ቅርብ ነው። ሰው ነው የሌለው።

እና በመጽሐፍ ቅዱስ ሞትን የለመኑ ሰዎችን እዩ። ሙሴ ዘኁልቁ 11 ላይ ይሄን ህዝብ ብቻዬን መሸከም አልችልም፣ እንዲህስ ከምታደርገኝ ግደለኝ ይላል፣ እግዚአብሔር አልተቆጣውም አልገደለውምም፣ ሰባ ሽማግሌ ሰብስብ፣ ሸክሙን ካንተ ጋር ይሸከማሉ አለው። ኤልያስም «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ተኛ፣ መልአኩ ዳሰሰው፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ በላ፣ ጠጣ፣ እንደገና ተኛ፣ መልአኩ ሁለተኛ መጣ። ሁለተኛ መምጣቱን ልብ በሉልኝ፣ እኛ አንዴ ጠይቀን ነው የምንጠፋው።

በነገራችን ላይ ይሄ ማለት ሰው እስከመጨረሻው በማሽን ይጎተት ማለት አይደለም። የማይጠቅም ህክምና ይብቃኝ ማለትና ሞትን ማምጣት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ ሞት ሲመጣ አለመከልከል ነው፣ ሌላው መጥራት። ለስቃይ ጠንካራ መድሃኒት መውሰድም የእምነት ማነስ አይደለም፣ እባካችሁ በሽተኛ በዚህ አታስጨንቁ። ደግሞ በዊልቸር የመጣውን ሁሉ ሳይጠይቁ እጅ ጭኖ ለፈውስ መጸለይ፣ ካልተነሳ እምነት የለውም ማለት፣ ይሄም ሌላው «እንዲህ ሆነህ አትኑር» የምንልበት መንገድ ነው። አራቱ ሰዎች ጓደኛቸውን ለማስገባት ጣሪያ ቀደዱ፣ እኛ አምልኮ ቤታችን መግቢያ ላይ አስራ ሁለት ደረጃ ሰርተን ራምፕ ለመጨመር ኮሚቴ እናቋቁማለን። ጳውሎስ ደካሞች የሚመስሉ ብልቶች «ይልቁን የሚያስፈልጉ ናቸው» ሲል የሚታዘንላቸው አላለም፣ የሚያስፈልጉ ነው ያለው።

ይሄን እያነበብክ ወይም እያነበብሽ «እኔም ባርፍ» የምትሉ ካላችሁ፣ አልፈርድባችሁም፣ ኤልያስም ብሏል። ግን ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ለሐኪም፣ ለንስሐ አባት ወይም ለፓስተር፣ ለጓደኛ፣ ብቻችሁን አትያዙት።

እህታችን ጋ ከወራት በኋላ ብቻዬን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ያን ቀን ምን ብል ነበር የሚሻለው አልኳት። «ምንም ባትይም ምንም አይደል» አለችኝ፣ «ረዳቴ ማክሰኞ አትመጣም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ብትመጪ ይሻለኛል።» ጸጉር ማጠብ አስተማረችኝ፣ ውሃው ጆሮዋ እንዳይገባ ፎጣውን እንዴት እንደምይዝ፣ እየሳቀችብኝ። ይሄን የምጽፈው ደግሞ ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፣ ካለፉት አራት ማክሰኞዎች ሁለቱን ቀርቼባታለሁ፣ ነገ ማክሰኞ ነው።