ኮርንዎል ማለት ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ እየሾጠጠ ሄዶ አትላንቲክ ውስጥ የሚገባ አውራጃ አለ፤ ኮርንዎል ይባላል። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው «እህል» እና «ግድግዳ» የሚሉ ቃላት የተጋጠሙ ሊመስለው ይችላል። ስሙ ግን ከእህልም ከግድግዳም ጋር ዝምድና የለውም።

የመጀመሪያው ግማሽ የአገሬው ነው። የኮርንዎል ሰዎች በጥንታዊ ቋንቋቸው ምድራቸውን «ኬርኖው» ይሏታል። የተለመደው ማብራሪያ ሥሩ «ቀንድ» የሚል የኬልት ቃል ነው ይላል፤ የላቲኑ «ኮርኑ» ዘመዱ ነው። የመሬቱን ቅርጽ ላየ ምክንያቱ አይጠፋውም። የአፍሪካ ቀንድ ላይ ለምንኖር ደግሞ አባባሉ ብርቅ አይሆንብንም።

ሁለተኛው ግማሽ የመጣው ከሌላ አፍ ነው። ከ5ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ባሕር ተሻግረው የሰፈሩት፣ አንግሎ ሳክሶኖች የተባሉት ጀርመናዊ ሕዝቦች ነባሮቹን ብሪታናውያን «ዌአላስ» አሏቸው፤ «ባዳዎች» እንደ ማለት ነው። ቃሉ መነሻው ቮልካይ የተባለ የአንድ የኬልት ነገድ ስም ሲሆን፣ ጀርመናዊዎቹ ሕዝቦች የኬልት ወይም የላቲን ቋንቋ ለሚናገር ጎረቤት ሁሉ አዋሉት። ፍራንኮች የተባሉት ሕዝብ ስም በእኛ ዘንድ ነጭን ሁሉ «ፈረንጅ» እንዳሰኘው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ባዳ የተባለው ባለአገሩ መሆኑ ነው! ነገሩ በዚህም አልቆመም፤ ነጠላው «ዌአልህ» ውሎ አድሮ «ባሪያ» የሚል ትርጉም ጨመረ።

ስለዚህ ኮርንዎል ማለት «በቀንዱ ያሉት ባዳዎች» ነው። የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል በ891 ሦስት አየርላንዳውያን መቅዘፊያ በሌላት የቆዳ ጀልባ ሰባት ሌሊት ተጉዘው የወረዱበትን ምድር ሲጠራ በዚሁ ስም ነው።

ዌልስም ከዚያው ቃል ወጣ። ዌልሳውያን ግን ራሳቸውን «ከምሪ»፣ የአገር ልጆች፣ ይላሉ፤ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኘው የከምብሪያ ስምም ከዚህ ነው። አንዱ ሕዝብ በአንዱ ስም ባዳ፣ በሌላው ወገን ሆኖ ካርታው ላይ ተቀመጠ።

የኮርንዎል ቋንቋ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከዕለት ተዕለት ንግግር ቢጠፋም በ20ኛው እንደገና ተነሥቷል። ዛሬ የታማርን ወንዝ ተሻግሮ የሚገባ መንገደኛን የሚቀበለው ሰሌዳ «ኬርኖው» የሚለውን ስም ይዞ ቆሟል፤ በዚህ ስም ውስጥ «ባዳ» የሚለው ግማሽ የለም።